የአውቶሞቢል የፊት መብራት አምፖል ዐይነቶች፤ ከመግዛታችን በፊት ልናውቀው የሚገባ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ሲያዩት አነስተኛ፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሊወዳደር የማይችል ነው። ይኸውም የአውቶሞቢል የፊት መብራት አምፖል ነው። ከወር ደመወዙ እየቈጠበ አንዲት መኪና ለመግዛት የበቃ ሰው ስለ ሞተሯ፣ ስለ ጎማዋ፣ ስለምትፈጀው ነዳጅ፣ ስለ ቀለሟም ሳይቀር አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ አምፖሏ ግን የሚያስበው አንድ ምሽት ከሁለቱ መብራቶች አንዱ ሲጠፋበት ነው። ያን ጊዜ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የመኪና አምፖል ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁም «የትኛውን ልስጥዎ?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ያጣና «ደኅናውን፣ በጣም የሚያበራውን» ብሎ ነገሩን ለሻጩ ይተወዋል። እንግዲህ ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንድ የቅርብ ወዳጄ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የአሮጌ መኪናው መብራት ማታ ማታ ደከም ስላለበት ሱቅ ሄዶ ቢያማክር፣ ባለሱቁ 100 ዋት የሚል አምፖል አውጥቶ «ይህ ሌሊቱን ቀን ያደርግልዎታል» አለውና ገዛ። በመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥም ደስ ብሎት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ መሽቶበት ሸኖን እንዳለፈ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተው። ምን ይሆን እያለ ሲያስብ መጀመሪያ አንዱ፣ ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ፍሬን ይዞ እንደ ምንም ቆመ። ወርዶ በእጅ ስልኩ ብርሃን ወደ ፊት ቢመለከት፣ ከመኪናው አራት ወይም አምስት እርምጃ ርቀት ላይ አንድ አዛውንት አህያቸውን እየነዱ የአስፋልቱን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። አዛውንቱ ምን እንዳመለጣቸው ሳያውቁ ዘወር ብለው «እንደምን አመሸህ ልጄ፤ መኪናህን ምን ነካት?» ብለው ጠየቁት። ወዳጄ ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይሰልላል። በማግሥቱ ጋራዥ ገብታ ስትታይ የሁለቱም አምፖሎች መያዣ ቀልጦ፣ የሽቦውም ልባስ ተቃጥሎ ነበር።

ነገሩ በደኅና ስላለፈ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው አደጋ ጥቂት ዕውቀት ቢኖር የሚቀር ስለ ሆነ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ጉዳዩን ከመነሻው ይዘን እንመረምረዋለን።

የመብራቱ ሁለት ግዴታ

የፊት መብራት ሁለት ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ነጂው መንገዱን አጥርቶ እንዲያይ ማድረግ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ከፊት ለፊት የሚመጣውን የሌላውን ነጂ ዐይን አለማጥበርበር ነው። ረጅሙ መብራት የመጀመሪያውን ግዴታ ብቻ ይፈጽማል። አጭሩ መብራት ግን ሁለቱን ባንድነት መፈጸም ስላለበት አሠራሩ የረቀቀ ነው። አጭሩን መብራት በግድግዳ ላይ አብርተን ብንመለከተው፣ ከላይ ጨለማ ከታች ብርሃን ሆኖ በመካከላቸው በገመድ የተሰመረ የሚመስል ወሰን ይታያል። እንደ አገራችን በመንገዱ ቀኝ በኩል ለሚነዳ መኪና የተሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ወሰን በስተቀኝ ከፍ ይላል፤ ይህም በቀኝ ዳር የሚሄደውን እግረኛና ከብት ለማሳየት ነው። በስተግራ ግን ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው አለና።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አንድ ነገር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ሳይቀዘቅዝ 33 ሜትር አልፏል። ከዚያ በኋላ በደረቅና በጥሩ አስፋልት ላይ እስኪቆም 35 ሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በደንብ የተስተካከለ አጭር መብራት የመንገዱን ቀኝ ዳር አጥርቶ የሚያሳየው ከ50 እስከ 75 ሜትር ድረስ ሲሆን፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ግን ከዚያም ቀርቦ ካልሆነ አይታይም። እንግዲህ ደኅና መብራት ያለው ሰው እንኳ በዚህ ፍጥነት ሲነዳ በአፋፍ ላይ እንደሚሄድ ይቈጠራል። መብራቱ የተበላሸበት ወይም ያልተገባ አምፖል የገጠመለት ሰው እንዴት እንደሚሆን ለእናንተው ለአድማጮች እንተወዋለን። በገጠር መንገዶቻችን ላይ በማታ እግረኛው፣ አህያውና ፈረሱ፣ ተበላሽቶ ያለ ምልክት የቆመውም የጭነት መኪና ብዙ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

አምፖሉ ከየት ወዴት እንደ ደረሰ

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ በተቀበሉ ጊዜ፣ በዓለም ላይ የነበሩት አውቶሞቢሎች መብራታቸው በአመዛኙ የዘይት ወይም የካርባይድ ጋዝ ነበልባል ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አምፖል ተስፋፍቶ የነበልባሉን ቦታ የወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ሁለት ክር በአንድ አምፖል ውስጥ እየገባ፣ አንዱ ክር ለረጅሙ ሌላው ለአጭሩ መብራት እንዲያገለግል ተደረገ። የአሜሪካ ሰዎች ከ1940 ጀምሮ አምፖሉን፣ አንጸባራቂውንና የፊት መስታወቱን ባንድነት አሽገው የሚሠሩትን መብራት ደንብ አደረጉ፤ የአውሮጳ ሰዎች ግን አምፖሉ ብቻውን እየወጣ የሚለወጥበትን አሠራር መረጡ። ዛሬ በሱቅ የምናገኘው የአምፖል ስምና ቍጥር ከዚህ ከሁለተኛው አሠራር የተወረሰ ነው።

የቀድሞው ተራ አምፖል አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በውስጡ ያለው የተንግስተን ክር በሙቀት ብዛት ጥቂት በጥቂት እየተነነ በመስታወቱ ላይ ጥቀርሻ ይሆንበታል፤ ክሩ ይሳሳል፣ መስታወቱም ይጠቍራል። በ1962 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለአውቶሞቢል የተዘጋጀው የሃሎጅን አምፖል ይህን ጉድለት በብልሃት አቃለለው። በአምፖሉ ውስጥ ጥቂት አዮዲን ወይም ብሮሚን ስለሚጨመር፣ የተነነው ተንግስተን በመስታወቱ ላይ በመለጠፍ ፈንታ ከዚህ ጋዝ ጋር ተዋሕዶ ወደ ክሩ ይመለሳል። ይህ ዑደት እንዲሠራ መስታወቱ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጋል አለበት፤ ስለዚህም አምፖሉ ጠበብ ተደርጎ ኳርትዝ ከሚባለው ሙቀት ከሚችል መስታወት ይሠራል። ከዚህም የተነሣ ክሩ ይበልጥ እንዲግል ስለሚቻል ብርሃኑ ነጣ ያለና የበለጠ ይሆናል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሦስት ዐይነቶች

አንደኛው ይኸው የሃሎጅን አምፖል ነው። በዋጋ ርካሽ፣ ለመለወጥ ቀላል፣ በየሱቁም የሚገኝ በመሆኑ በመንገዳችን ላይ ካሉት መኪናዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ዕድሜው እንደ ዐይነቱ ጥቂት መቶ ሰዓት ነው። «ከተራው ይበልጣል» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሃሎጅን አምፖል ብርሃኑ ቢበልጥም ክሩ ይበልጥ እየጋለ ስለሚሠራ ዕድሜው አጠር ይላል።

ሁለተኛው ዜኖን የሚባለው ነው። ይህ ክር የለውም። በትንሽ የኳርትዝ ጕልላት ውስጥ በሁለት ጫፎች መካከል እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ እየዘለለ ያበራል። ብልጭታውን ለማስነሣት ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚያስፈልግ ይህን ኀይል የሚያመነጭ ልዩ ሣጥን ከመብራቱ ጋር ይገጠማል። በፋብሪካ በተሠሩ መኪናዎች ላይ መታየት የጀመረው በ1991 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። 35 ዋት ብቻ እየፈጀ ከሃሎጅኑ በእጥፍ የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠትም ጥቂት ሰከንዶች ይወስድበታል፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ኀይልም አደገኛ ስለ ሆነ ያልሠለጠነ ሰው እጁን ሊያገባበት አይገባም።

ሦስተኛው ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። ይህም እንደ ሩዝ ፍሬ ካለች ጠጣር አካል ያለ ክርና ያለ ጋዝ ብርሃን ይወጣል። ለአጭር መብራት በፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ነው። የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ትንሽ፣ ዕድሜውም እጅግ ረጅም ነው። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነች ወዲህ በብዛት መታየት የጀመሩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በአመዛኙ በዚህ ዐይነት መብራት የሚሠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለወጥ አምፖል የለም፤ መብራቱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሙሉው ዕቃ ይለወጣል። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው የመብራቱን ዋጋና በአገር ውስጥ መገኘቱን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

በአምፖሉ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

የአምፖል ነገር ለብዙ ሰው የሚያደናግረው በላዩ ላይ የተጻፈው ፊደልና ቍጥር ነው። እንደ እውነቱ ግን ይህ ጽሑፍ ከደብዳቤ አርእስት የማይከብድ፣ አራት ነገር ብቻ የሚናገር ነው።

የመጀመሪያው የዐይነቱ ስም ነው። ኤች 1፣ ኤች 4፣ ኤች 7፣ ኤች 11 የሚሉት የሃሎጅን አምፖሎች ስሞች ናቸው። ቍጥሩ ሲበልጥ ጥራቱ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ የእግሩን ቅርጽና የክሩን አቀማመጥ የሚያመለክት መለያ ብቻ ነው። ኤች 4 በ1971 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የወጣ ሲሆን፣ ሁለት ክርና ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ ስለዚህ አንዱ አምፖል ረጅሙንም አጭሩንም መብራት ያበራል። ከአሮጌዎቹ አነስተኛ የቤት መኪናዎችና ፒክአፖች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በዚህ ነው። ኤች 7 ግን አንድ ክርና ሁለት እግር ብቻ ስላለው፣ ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት ለየብቻ አምፖል ያስፈልጋል። ዜኖኖቹ ደግሞ ዲ 1 ኤስ፣ ዲ 2 ኤስ እየተባሉ በ«ዲ» ፊደል ይጠራሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ አስገድደው ቢያስገቡትም ክሩ ከቦታው ስለሚወጣ ብርሃኑ ይበተናል።

ሁለተኛው ቮልቱ ነው። የቤት መኪና 12 ቮልት ሲሆን፣ ከባድ የጭነት መኪናና ትልቅ አውቶቡስ በአመዛኙ 24 ቮልት ነው። የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ወዲያው ይቃጠላል፤ የ24ቱ በ12 ላይ ቢገጠም ደግሞ እንደ ፍም ይደበዝዛል።

ሦስተኛው ዋቱ ነው። ኤች 4 ባለ 12 ቮልት 60/55 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ 60ው ለረጅሙ፣ 55ቱ ለአጭሩ ማለት ነው። ኤች 7 ደግሞ 55 ዋት ነው። ዋት የሚለካው አምፖሉ የሚፈጀውን የኤሌክትሪክ ኀይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። የብርሃን መለኪያው ሉመን ይባላል። ለምሳሌ ያህል የኤች 4 አጭር መብራት 1,000 ሉመን፣ ኤች 7 1,500 ሉመን ሲሰጡ፣ ዲ 2 ኤስ የሚባለው ዜኖን በ35 ዋት 3,200 ሉመን ይሰጣል።

አራተኛው በክብ ውስጥ የተጻፈው «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደልና አጠገቡ ያለው ቍጥር ነው። ይህ ምልክት አምፖሉ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው የአውቶሞቢል ዕቃዎች ደንብ መሠረት ተመርምሮ መፈቀዱን ያመለክታል። ቍጥሩም ፈቃዱን የሰጠውን አገር ይናገራል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ኢጣሊያ፣ 4 ሆላንድ ነው። ምልክቱ በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በአምፖሉ እግር ላይ በግልጽ ተቀርጾ መገኘቱን ማየት ይገባል፤ ካርቶን ማተም ለማንም ቀላል ነውና።

በመሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ወይም የግዥ ክፍል የምትሠሩ አድማጮቻችን ይህን ልብ ብትሉ የመንግሥትን ገንዘብ ታድናላችሁ። በግዥ መጠየቂያው ላይ «የመኪና አምፖል፣ 20 ፍሬ» ብሎ መጻፍ ለአቅራቢው ያሻውን እንዲያመጣ ፈቃድ መስጠት ነው። «ኤች 4፣ 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት፣ የፈቃድ ምልክቱ በእግሩ ላይ የተቀረጸበት» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ዕቃው ሲረከብ ለመመርመርም፣ ያልሆነውንም ለመመለስ ይቻላል።

ገዢውን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች

አንደኛው ወዳጄን ያሳሳተው የዋት ብዛት ነው። የመኪናው ሽቦ፣ ማብሪያውና የአምፖሉ መያዣ የተሠሩት ለ55 ወይም ለ60 ዋት ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ከ12 ቮልት ባትሪ 9 አምፔር ያህል ይስባሉ፤ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ግን 17 አምፔር ገደማ ይስባሉ። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን የሚያድገው በዚሁ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ስለ ሆነ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ይደርሳል። ሽቦው ይህን ሙቀት አይችልም። አንጸባራቂው ሳህንና የፕላስቲኩ የፊት መስታወትም ከጊዜ በኋላ ይጠወልጋሉ። በእርግጥም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ብዙ ሰው ሰማያዊ የሚመስል ነጭ ብርሃን ሲያይ የበለጠ የሚያበራ ይመስለዋል። በካርቶኑ ላይ 5,000 ወይም 6,000 ኬልቪን የሚል ቍጥር ሲያይ ደግሞ ይብሱን ይታለላል። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም እንጂ ብዛቱን አይለካም። ተራው ሃሎጅን ወደ 3,200 ኬልቪን የሚጠጋ፣ ቢጫ ያዘለ ብርሃን አለው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሃሎጅን አምፖል ቢጫውን ክፍል በማገድ ብርሃኑን ሰማያዊ ያስመስለዋል፤ ያገደው ብርሃን ግን ለመንገዱ ሊደርስ የሚገባው ነበር። በክረምት ወደ ጣርማ በር የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጉም በወረደ ጊዜ ብርሃን ሲበዛ ጉሙ መልሶ የሚረጨው በነጂው ዐይን ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው አጭሩን መብራት አብርቶ በዝግታ መንዳት ነው። ስለ ቀለም ነገር ፈረንሳዮች ከ1936 ጀምሮ እስከ 1993 ድረስ መኪናዎቻቸው ቢጫ የፊት መብራት እንዲኖራቸው በሕግ ያስገድዱ ነበር። እንግዲህ ነጭነት ብቻውን የጥራት ምስክር ሆኖ የኖረ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛውና በአሁኑ ጊዜ በጣም የተስፋፋው፣ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የኤል ኢ ዲ ወይም የዜኖን አምፖል መክተት ነው። አንጸባራቂው ሳህን የተቀረጸው የሃሎጅኑ ክር በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በታወቀ ቦታ ላይ መቀመጡን መሠረት አድርጎ ነው። በኤች 4 ውስጥ ለምሳሌ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር አንዲት ትንሽ የብረት ጋሻ አለች፤ ቀደም ሲል የጠቀስነውን የብርሃንና የጨለማ ወሰን የምታሰምረው እርስዋ ናት። ሌላ ቅርጽ ያለው የብርሃን ምንጭ በዚያ ቦታ በገባ ጊዜ ወሰኑ ይፈርሳል፤ ብርሃኑ ወደ ላይና ወደ ጐን ይበተናል። ነጂው ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ስለሚታየው ደስ ይለዋል፤ ራቅ ያለው የመንገዱ ዳር ግን ይጨልምበታል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውም ሰው ጨርሶ ይታወራል። ያ የታወረ ነጂ የሚመጣው ደግሞ ወደ እኛው ነው። በአንዳንድ አገሮች ተመርምረው የተፈቀዱ የኤል ኢ ዲ ምትኮች አሉ፤ ለምሳሌ በጀርመን አገር ከ2020 ወዲህ ተፈቅደዋል። ይሁን እንጂ የተፈቀዱት በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ዐይነቶች ብቻ ነው። በጅምላ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን መጠርጠር ይገባል።

ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው

የመብራት መድከም ሁልጊዜ የአምፖሉ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት አራት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የፊት መስታወቱን እንመልከት። በአሁኑ ዘመን የሚሠራው ከፕላስቲክ ስለ ሆነ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ይደበዝዛል። እንዲህ ከሆነ ምንም ዐይነት አምፖል ቢገባበት ብርሃኑ አይወጣም፤ መድኀኒቱ መወልወል ወይም መለወጥ ነው። ጭቃና አቧራም ቢሆን ብርሃኑን ስለሚቀማ ሩቅ መንገድ ከመውጣት በፊት ማጠብ አይከፋም።

ሁለተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መብራቱ በርቶ ሳለ ከአምፖሉ እግር ላይ ቮልቱን እንዲለካ እናድርግ። የሃሎጅን አምፖል ለቮልት ለውጥ እጅግ ስሜተኛ ነው። ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይቀንሳል። የዛገ ማያያዣ፣ ያረጀ ሽቦ፣ ከመኪናው አካል ጋር በደንብ ያልታሰረ ሽቦ ይህን ያደርጋል። ወዳጄ በመጨረሻ ያገኘው መፍትሔ ይህ ነበር፤ ዝገቱ ተጠርጎ ሽቦው ሲታደስ በተራው ባለ 55 ዋት አምፖል መንገዱን አጥርቶ አየ። በአንጻሩ ቮልቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፤ ከመቶ 5 እጅ መብለጡ ብቻ ዕድሜውን በግማሽ ያህል ያሳጥረዋል። አምፖል በየወሩ የሚለውጥ ሰው ሻጩን ከመውቀሱ በፊት ዲናሞውን ያስመርምር።

ሦስተኛ መብራቱ የሚያነጣጥርበትን ቦታ እንመልከት። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀን አቁመን አጭሩን መብራት ስናበራ፣ የብርሃኑ ወሰን ከመብራቱ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ከመብራቱ ቁመት በላይ የወጣ እንደ ሆነ ሌላውን ሰው ያሳውራል፤ ከመጠን በላይ የወረደ እንደ ሆነ እኛን ያሳውራል። የኋላው ወንበርና ዕቃ መጫኛው በተሞላ ጊዜ የመኪናው አፍንጫ ስለሚነሣ መብራቱም አብሮ ይነሣል። ለዚህም በብዙ መኪናዎች ላይ ከመሪው አጠገብ ዝቅ ማድረጊያ ቍልፍ አለ፤ በሥራ ላይ እናውለው።

አራተኛ መብራቱ ለየትኛው የመንገድ ጐን እንደ ተሠራ እንመልከት። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ጉዞ ከተለወጠች ወዲህ ለእኛ የሚስማማው በስተቀኝ ከፍ የሚለው መብራት ነው። ለጃፓን ወይም ለእንግሊዝ መንገድ የተሠራ መኪና መሪው ወደ ግራ ቢዛወርም የፊት መብራቱ ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ፣ ከፍ የሚለው በስተግራ ስለሚሆን ከፊት በሚመጣው ሰው ዐይን ላይ ያበራል። ይህን ጉድለት ምንም ዐይነት አምፖል አያስተካክለውም። በዓለም አቀፉ ደንብ በተሠሩ መብራቶች የፊት መስታወት ላይ፣ ከፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ካለ መብራቱ በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው፤ ቀስት ከሌለው በቀኝ ለሚነዱ ነው፤ ወደ ሁለቱም ጐን የሚያመለክት ቀስት ካለው ለሁለቱም የሚስተካከል ነው። ቀስትም የፈቃድ ምልክትም ያላገኘ ሰው በግድግዳ ላይ አብርቶ ከፍ የሚለው በየትኛው ጐን እንደ ሆነ በዐይኑ ይመልከት።

ሲገጠም የሚደረግ ጥንቃቄ

አምፖሉ ከተገዛ በኋላ ሲገጠም መስታወቱን በጣት መንካት አይገባም። የጣታችን ቅባት በጋለው ኳርትዝ ላይ ተቃጥሎ መስታወቱን ያበላሸዋል፤ አምፖሉም ቶሎ ይሞታል ወይም ይፈነዳል። የብረቱን እግር ብቻ ይዞ፣ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መግጠም ነው። በስሕተት የተነካ እንደ ሆነ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል። ከመግጠም በፊት መብራቱ መጥፋትና መቀዝቀዝ አለበት። አንዱ አምፖል በተቃጠለ ጊዜ አብሮት የኖረው ሁለተኛውም ዕድሜው የተቃረበ ስለ ሆነ ጥንዱን ባንድነት መለወጥ ይመረጣል፤ ይህ ካልተቻለ አንድ ምትክ አምፖል በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው አስቀድሞ መዘጋጀት በጨለማ ሜዳ ላይ ከመቆም ያድናል።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ የተናገርነውን በአጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ አምፖል ለመግዛት የሚሄድ ሰው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ወይም አሮጌውን አምፖል ይዞ ይሂድ፤ ስሙን፣ ቮልቱን፣ ዋቱንና የፈቃድ ምልክቱን አስተያይቶ ይግዛ። «የበለጠ ያበራል» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ለማን ያበራል? ማንንስ ያሳውራል?» ብሎ ይጠይቅ። በማታ የሚነዳ ሰው የሚያበራው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ዳር አህያቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ለሚገቡት አዛውንትም ጭምር ነው። እርሳቸው ስለ ኤች 4ም ሆነ ስለ ኤች 7 የሚያውቁት ነገር የለም። ሕይወታቸው ግን እኛ በሱቅ ውስጥ በምንመርጠው በዚያ በትንሹ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። ጤና ይስጥልን።